የ«ቀይ ከሰል» ሦስተኛ ክፍል ማግስት

ሬሳውን መጀመሪያ ያገኘችው የድራማው ደራሲ ጽጌ ናት። አገኘችው እንጂ ሬሳ መሆኑን አላወቀችም። ሰኞ ጠዋት፣ የሰኔ ጭጋግ ፒያሳን ሸፍኗት ሳለ፣ ወደ ቀረጻው ቤት ስትገባ ተዋናዩ ገነነ ከወርቅ ማቅለጫው ምድጃ አጠገብ በግንባሩ ተደፍቶ፣ ሸሚዙ በቀይ ነገር ርሶ አየችውና ሳቀች።

«ተነስ ባክህ! ያለንን አንድ ልብስ በቀለም አበላሸኸው» አለችው።

አልተነሳም። ትከሻውን ይዛ ስትገለብጠው የፊቱ ግማሽ ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር። ጩኸቷን አስፋልት ማዶ ያሉት ሊስትሮዎች ሳይቀሩ ሰሙት።

የወንጀል መርማሪው ሻምበል እምሩ ከረዳቱ ከአሥር አለቃ አባይነህ ጋር ሲደርስ በሩ ላይ ሕዝብ ተሰብስቧል። እምሩ በፖሊስነት ዘመኑ ብዙ ሬሳ አንስቷል፤ በቀይ ሽብር ጊዜ ጠዋት ጠዋት ከመንገድ ዳር የሚለቀመውንም አይቷል። ይሄኛው ግን ከዚያ ሁሉ የባሰ ነው። ገዳዩ ሰውየው ከሞተም በኋላ መምታቱን አላቆመም። የወርቅ ሠሪው መዶሻ ደምና ፀጉር ተጣብቆበት አመዱ ላይ ወድቋል።

«ልክ እንደ ድራማው ነው» አለች ጽጌ፣ ግድግዳ ተደግፋ። «ልክ ትናንት ማታ እንደታየው።»

ድራማው «ቀይ ከሰል» ይባላል፤ በቴሌቪዥን እሑድ እሑድ የሚታይ ባለ አራት ክፍል ተከታታይ ነው። ታሪኩ እውነተኛ ነው። በስድሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት እዚሁ ቤት ውስጥ መድኃኔ የሚባል ወርቅ ሠሪ በራሱ መዶሻ ተቀጥቅጦ ተገደለ፤ ወርቁም ተዘረፈ። የሥራ ረዳቱ ሐዱሽ ተይዞ አመነና ከርቸሌ ወረደ። ትናንት ሦስተኛው ክፍል፣ ግድያው ያለበት፣ ታየ። ገዳዩን ሆኖ የሚሠራው ገነነ ነበር።

«ሰው ጠልቶት ነበር?» አለ እምሩ።

«እንዴት አይጠላው? ባለፈው ሳምንት ታክሲ ውስጥ አንዲት ሴትዮ ፊቱ ላይ ተፋችበት። እሱ ግን ይኮራበት ነበር። ‹አምነውኛል ማለት ነው› ይለኝ ነበር።»

ሕዝቡን ገፋ ገፋ እያደረገ አንድ ወፍራም ሰው ገባ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ፈቀደ ነው። ቤቱ የቀበሌ ነው፤ ለቀረጻ የፈቀደውም እሱ ነው። በስድሳ ስምንቱ ክስ ዋናው ምስክር እሱ ስለነበር የድራማው አማካሪ አድርገውታል። ለእምሩ ግራ እጁን ዘረጋለት፤ ቀኙን ከካፖርቱ ኪስ አላወጣውም።

«ሻምበል፣ ይሄ ምን ምርመራ ያስፈልገዋል? ሐዱሽ ባለፈው መስከረም በምሕረት ወጥቷል። አፍንጮ በር ብረት እየበየደ ነው። ትናንት ራሱን በቴሌቪዥን አየ፤ ደሙ ፈላ፤ መጣ።»

«እርስዎ ትናንት ማታ የት ነበሩ?»

«ስብሰባ መርቼ፣ ከጥበቃ ጓዶች ጋር ቀጠናውን ስዞር አመሸሁ። ጠይቃቸው።» ቀና ብሎ በሩ ላይ የቆሙትን ሦስት የጥበቃ ሰዎች ተመለከተ። ሦስቱም አንገታቸውን ነቀነቁ።

*

አፍንጮ በር ሲደርሱ ወሬው ቀድሟቸዋል። ከብየዳ ቤቱ ፊት ለፊት ሰው እንደ ንብ ተሰብስቦ ይጮኻል። መሐል ላይ አንድ ሰው ጭቃ ውስጥ ወድቋል። በድንጋይ፣ በዱላ፣ በጫማ ተረከዝ ያገኘ ሁሉ ያሳርፍበታል።

«እጁን! የገደለበትን እጁን!» የሚል ድምፅ ከሁሉ በላይ ይሰማል።

አባይነህ ወደ ሰማይ ተኮሰ። ሰው ወደ ኋላ ሲል እምሩ ዘሎ ገባ። የሐዱሽ ቀኝ እጅ የብየዳ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ፣ አንድ ጎረምሳ በብረት ዘንግ እየቀጠቀጠው ነበር። እምሩ በሽጉጡ ሰደፍ መንጋጋውን ሲለው ጎረምሳው ዘንጉን ጥሎ ወደቀ። ክንዱ ላይ የቀበሌ ጥበቃ ቀይ ጨርቅ አስሯል።

ሐዱሽን መኪና ላይ ሲጭኑት እጁ እጅ አይመስልም ነበር። አላለቀሰም። «ወንድሜ፣» አለ አባይነህን፣ «ጥርሴን ከመሬት አንሳልኝ።»

ጣቢያው ውስጥ ሻለቃ ተክለሃይማኖት ጠበቃቸው። የእምሩ አለቃ ነው፤ ሐዱሽን በስድሳ ስምንት የያዘውም እሱ ነው። ድራማው ላይ ጀግናው መርማሪ የሚባለው እሱ በመሆኑ ሰሞኑን ወረዳው ሁሉ እጁን እየጨበጠ እንኳን ደስ አለህ ይለዋል።

«እስከ ማታ ቃሉን አምጣልኝ» አለ።

«ጌታዬ፣ እጁ ተሰብሯል። ሐኪም ይየው።»

«ውስጥ እግሩ አልተሰበረም አይደል?»

እምሩ ወደ ምርመራ ክፍሉ ገብቶ በሩን ከውስጥ ዘጋው። ሐዱሽ በሩ ሲዘጋ ወንበሩ ላይ ተሸማቀቀ።

«ገነነን ታውቀው ነበር?»

«ሁለት ጊዜ ብየዳ ቤት መጣ። አንተን ሆኜ ልሠራ ነው፣ መዶሻ አያያዝህን አሳየኝ አለኝ። እኔ ሰው አልገደልኩም አልኩት። ሳቀ። ሁለተኛ ሲመጣ ግን አልሳቀም። ‹ለምን አመንክ ታዲያ?› አለኝ። ጫማዬን አውልቄ ያኔ የተገረፍኩትን ውስጥ እግሬን አሳየሁት።»

«ትናንት ማታ የት ነበርክ?»

«ሰፈሩ ሁሉ ቴሌቪዥን ባለበት ቤት ተሰብስቦ የእኔን ግድያ ያያል። እኔ የት ልሁን? በሬን ቀርቅሬ ተኛሁ።»

«ያየህ ሰው አለ?»

«ያየኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ትናንትናውኑ ይገድለኝ ነበር።»

*

ሐኪሙ አስከሬኑን መርምሮ ሲጨርስ እጁን እየታጠበ እምሩን ጠራው።

«የሞተው በመዶሻው ነው፤ ያንን ያለ እኔም አውቀኸዋል። ሌላ ነገር አለ። አፉ ውስጥ ሥጋ አግኝቻለሁ። የእሱ አይደለም። ገዳዩ አፉን ሲያፍነው ነክሶታል፤ ያውም አጥንት ድረስ። እጁ የቆሰለ ሰው ፈልግ።»

ሻለቃው ይህን ሲሰማ ጠረጴዛውን መታ። «ያው ሐዱሽ! እጁን አላየኸውም?»

«ጌታዬ፣ ያንን እጅ ዘንግ ነው ያደቀቀው። ንክሻ ይኑርበት አይኑርበት ማን ይለየዋል?»

«እንግዲያው የለም ብለህ ልታስረዳ አትችልም። ነገ ማታ ፋይሉ ተዘግቶ ላየው እፈልጋለሁ።»

እምሩ ወደ ውቤ በረሃ ወረደ። የድራማው ሰዎች እሑድ ማታ ሦስተኛውን ክፍል ያዩት እዚያ ካለ አንድ ቡና ቤት ነው። ባለ ባንኮኒዋ ፈቲያ ብርጭቆ እያጠበች አወራችው።

«ድራማው እንዳለቀ አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት እየሮጠች ገብታ ገነነን በኮሌታው አነቀችው። ‹ማን ነገራችሁ? ማን ነገራችሁ?› ትለዋለች። እኛ የሰከረች መስሎን ነበር። እሱ እጇን ይዞ ውጭ አወጣት። ብዙ አወሩ። ሲመለስ መልኩ ሌላ ሆኗል፤ ያዘዘውን ቢራ ሳይነካው ሄደ።»

«ሴትዮዋን ታውቂያታለሽ?»

«ፒያሳ ውስጥ የማያውቃት ማን ነው? የሟቹ ወርቅ ሠሪ ሚስት፣ ሙሉነሽ ናት።»

ሙሉነሽ የምትኖረው ዋናው መንገድ ላይ በሩ ወደ እግረኛ መንገዱ በሚከፈት አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ ልብስ ትሰፋለች። አንዲት ከሲታ ልጅ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ታጠናለች። እምሩ ሲገባ መጀመሪያ ያየው የሴትዮዋን አመልካች ጣት ነው፤ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል።

«ይፍቱት» አላት።

«ምኑን?»

«ጣትዎን ይፍቱልኝ።»

ፈታችው። የስፌት መኪናው መርፌ በጥፍሯ በኩል ገብቶ ወጥቷል፤ ጥርስ የነካው ቁስል አይደለም። እምሩ አፈረ፤ ሆኖም አልተወም።

«እሑድ ማታ ገነነን አንቀውት ነበር።»

«አንቄዋለሁ።»

«ጠዋት ሞቶ ተገኘ።»

«ሰማሁ። ነፍስ ይማር። እኔ አልገደልኩትም፤ ወይንሸትን ጥዬ የትም አልሄድም።» ልጅቷን በዓይኗ አመለከተች።

«ታዲያ ‹ማን ነገራችሁ› ያሉት ስለ ምኑ ነው?»

የስፌት መኪናውን መዘውር በመዳፏ ያዝ አድርጋ፣ «ሻምበል፣ ያኔ ለፖሊስ የተናገርኩትን ሁሉ ፖሊስ በፈለገው መንገድ ጻፈው። አሁንም ምንም አልናገርም። ድራማውን ይዩት» አለች።

*

ድራማውን እምሩ አላየውም ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ጽጌ በጣቢያው ትንሽ ክፍል ውስጥ የሦስተኛውን ክፍል ካሴት አስገባችለት። ገነነ፣ ሙሉ ፊት ያለው ገነነ፣ መዶሻ አንስቶ ወርቅ ሠሪውን ሆኖ በሚሠራው ሽማግሌ ተዋናይ ላይ ቆሟል። ሽማግሌው አንድ እጁን ከፍ አድርጎ ይለምናል፤ «ስለ እፀገነት ብለህ! ገና ዓለምን አላየችም፤ ስለ እፀገነት ብለህ ተወኝ!» መዶሻው ወረደ።

«አቁሚው» አለ እምሩ። «እፀገነት ማናት?»

«ልጁ ናት። መድኃኔ ሲሞት ጨቅላ ነበረች።»

«ልጅቷን ትናንት አየኋት። ወይንሸት ነው የምትባለው።»

ጽጌ ግራ ገባት። «ከጊዜ በኋላ ተቀይሮ ይሆናላ። እኔ የሰማሁትን ነው የጻፍኩት።»

«ከፍርድ ቤቱ መዝገብ?»

«መዝገቡ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም። የግድያው ትዕይንት ደረቅ ሆኖብኝ ነበር። ጋሽ ፈቀደን ራት ጋብዤው፣ መጠጥ ጠጥተን ሳለ፣ እንዴት እንደለመነ ነገረኝ። ራሱ እንባ አቀረረ። እንዲያውም እሑድ ማታ ገነነም እንደ አንተ ጠይቆኝ ነበር፤ ‹ይህችን ቃል ከማን አገኘሻት?› አለኝ። ነገርኩት።»

«ከዚያስ?»

«‹ሄጄ ራሱን እጠይቀዋለሁ› ብሎ ወጣ። ጋሽ ፈቀደ ቀጠናውን ስዞር አመሸሁ ሲልህ ግን፣ ሳያገኘው የቀረ መስሎኝ ሳልነግርህ ቀረሁ።»

እምሩ ከተቀመጠበት ተነሳ። ፈቀደ በምስክርነቱ ያለው፣ ከመንገድ ማዶ ቆሜ ሐዱሽ ሲሮጥ አየሁ ነው። ቤቱ ውስጥ ፖሊስ እስኪመጣ ድረስ አልገባሁም ብሎ ምሏል።

እምሩ ተመልሶ ቤቷ ሲሄድ ሙሉነሽ በዚህ ጊዜ አልደበቀችውም። ወይንሸትን ወደ ጎረቤት ላከቻትና ተቀመጠች።

«መድኃኔ የሞተ ዕለት ለምሳ መጣ» አለች። «ልጅቷ ገና ክርስትና አልተነሳችም። አቅፏት ቆይቶ፣ ‹እፀገነት እንበላት› አለኝ። እሺ አልኩት። ለማንም አልተናገርንም፤ ጊዜስ የት ነበረን? ከቤት ወጣ፤ ማታ ሬሳው መጣልኝ። ከዚያ በኋላ ያንን ስም መጥራት አቃተኝ። ክርስትና ስትነሳ ወይንሸት አልኳት። ከሟቹና ከእኔ በቀር ያንን ስም የሰማ ፍጡር የለም። እሑድ ማታ ከጎረቤት ቴሌቪዥን ውስጥ ስሰማው መድኃኔ ከመቃብር የጠራኝ መሰለኝ።»

«ለገነነ ይህንኑ ነገሩት?»

«ይህንኑ። ልጁ እዚያው መንገድ ላይ ቁጭ አለ። ‹እንግዲያው ሐዱሽ እውነቱን ነው› አለ። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሐዱሽን ስረግም ኖሬያለሁ፣ ሻምበል። አሥራ አንድ ዓመት።»

*

እምሩ ለሻለቃ ተክለሃይማኖት ነገሩን ሲያስረዳው ሻለቃው ተነስቶ የቢሮውን በር ዘጋ።

«የቀበሌ ሊቀመንበር ነው የምትለው» አለ።

«እጁን ልየው ብቻ ነው የምለው። አፍንጮ በር ላይ ‹እጁን፣ እጁን› እያለ የሐዱሽን እጅ ሲቀጠቅጥ ያገኘሁት ጎረምሳ የእሱ ጥበቃ ነው። ማን ላከው? ለምንስ ራሱን ሳይሆን እጁን?»

«እጁ ጤነኛ ቢሆንስ?»

«ማዕረጌን እዚህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለሁ።»

«ያንን እኔው ራሴ እገፍፍሃለሁ» አለ ሻለቃው። አትሂድ ግን አላለውም።

ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሲደርሱ ፈቀደ ብቻውን ነበር። ካፖርቱን እንደለበሰ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል፤ ቀኝ እጁ አሁንም ኪሱ ውስጥ ነው። አባይነህ በሩ ላይ ቆመ።

«ጓድ ፈቀደ፣ መድኃኔ ሲሞት ስለ እፀገነት ብለህ ያለውን ከየት ሰሙት?» አለ እምሩ ሳይቀመጥ።

«ከሰው አፍ። ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራው ነው።»

«ሰፈሩ እፀገነት የሚባል ሰው አያውቅም። ስሙን የሚያውቁት አባትና እናት ብቻ ናቸው፤ አባትየውም የተናገረው በዚያች ቤት ውስጥ ለገደለው ሰው ነው። ቀኝ እጅዎን ያሳዩኝ።»

ፈቀደ ፈገግ አለ። «እጄን? ይኸውልህ።»

እጁ ከሽጉጥ ጋር ወጣ። የመጀመሪያው ጥይት በእምሩ ጆሮ አጠገብ አልፎ አባይነህን ጭኑ ላይ አገኘው። አባይነህ እየጮኸ በሩ ላይ ተዘረረ። ሁለተኛው ጣሪያውን በሳው፤ እምሩ ጠረጴዛውን ገልብጦበት ነበርና። ሁለቱ ተያይዘው ወለሉ ላይ ወደቁ። ፈቀደ ከባድ ነው፤ በጉልበቱ የእምሩን ደረት ተጭኖ በግራ እጁ ጉሮሮውን አነቀ። እምሩ ዓይኑ እየጨለመ፣ ሽጉጡን የያዘውን በፋሻ የታሰረ እጅ አገኘና ፋሻው ላይ ባለ በሌለ ኃይሉ ጨመቀ። ፈቀደ እንደታረደ በሬ አጓራ። ሽጉጡ ወደቀ። እምሩ ተነስቶ ፊቱን በጫማው መታው፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ በላይ። «ሻምበል! በቃ! ሻምበል፣ ትገድለዋለህ!» የሚለው የአባይነህ ድምፅ ነው ያስቆመው።

ፋሻው ተፈትቶ ነበር። ከአውራ ጣቱ ሥር ያለው ሥጋ ተገንጥሎ፣ ዙሪያው ላይ የላይና የታች ጥርስ ቅርጽ ጠቁሮ ይታያል።

ፈቀደ ደም ተፋና ሳቀ። «ያ ተዋናይ መጥቶ ‹ሰፈሩን ሁሉ ሰብስቤ እናገራለሁ› አለኝ። እሺ፣ ና ቤቱ ውስጥ እንነጋገር አልኩት። ገባ። እንደ ውሻ ነከሰኝ።»

«መድኃኔስ?»

«ወርቁን ብቻ ነበር የፈለግሁት። ፊቴን በጨርቅ ሸፍኜ ገባሁ፤ በድምፄ አወቀኝ። በስሜ ጠራኝ። በስሜ ባይጠራኝ እተወው ነበር።»

*

ፈቀደን ጣቢያው ያሳደረው አንድ ቀን ብቻ ነው። በማግስቱ ስማቸውን ያልተናገሩ ሰዎች በላንድሮቨር መጥተው ወሰዱት፤ የት እንደደረሰ እምሩ ከዚያ በኋላ አልሰማም። ሻለቃ ተክለሃይማኖት ጠራው።

«ጉዳዩ ከእኛ እጅ ወጥቷል። በጋዜጣም በራዲዮም አይነገርም። ሐዱሽ ይለቀቅ» አለ ቀና ብሎ ሳያየው።

«ሕዝቡ ገዳይ ነው ብሎ ያምናል እኮ፣ ጌታዬ። መንገድ ላይ ይገድሉታል።»

«ሌላ የምለው የለኝም።»

የቴሌቪዥን ጣቢያው «ቀይ ከሰል» ለጊዜው መቋረጡን ገልጾ አንድ መስመር ብቻ አነበበ። ሦስቱ ክፍሎች እንደታዩ፣ ሐዱሽም በሰው ሁሉ ዓይን ነፍሰ ገዳይ እንደሆነ ቀረ። ቅዳሜ እምሩ ከሆስፒታል አውጥቶ ወደ አፍንጮ በር ሊወስደው ሲል፣ ሐዱሽ ቀኝ እጁ እስከ ክርኑ በጀሶ ታስሮ፣ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሞ መራመድ እምቢ አለ። ሰዉን ፈርቷል።

በሩ ላይ ሙሉነሽ ቆማ ነበር። ሲያያት ግድግዳውን ተጠጋ።

«ነገ ምሳ እኔ ቤት ነህ» አለችው። 

«እቴቴ፣ አልችልም» አለ ሐዱሽ። «ቤት ውስጥ በር ሲዘጋብኝ አልችልም።»

«በሩ አይዘጋም።»

እሑድ ከሰዓት ፒያሳ ወደ ሲኒማ በሚገባና ከሲኒማ በሚወጣ ሰው ተጨናንቃለች። እምሩ አስፋልት ማዶ ቆሞ አየ። ሙሉነሽ ገበታውን ከቤት አውጥታ እግረኛ መንገዱ ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት ቦታ ዘረጋችው። ሐዱሽን ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጋ አስቀመጠችው፤ ልጅዋን ከጎኑ አደረገች። ሰው መቆም ጀመረ። «ያ ነው እኮ!» አለ አንዱ። «ወርቅ ሠሪውን የገደለው!» ሌላው ድንጋይ ሊያነሳ ጎንበስ አለ።

እምሩ ሽጉጡን ነክቶ አንድ እርምጃ ተራመደ። ሙሉነሽ ግን ቀና ብላ እንኳ አላየቻቸውም። ሐዱሽ በጀሶ በታሰረ እጁ መብላት ስላልቻለ እሷ ጠቅልላ፣ ጎንበስ ብላ፣ በገዛ እጇ አጎረሰችው። ደግማ ጠቀለለች።

ድንጋይ ያነሳው ሰው ድንጋዩን እንደያዘ ቆመ። ከኋላው አንዲት ሴት፣ «ሚስትየዋ እኮ ናት! የሟቹ ሚስት!» አለች። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ሐዱሽ እንባው በጢሙ እየወረደ ያኝካል። ሙሉነሽ እጇን አልሰበሰበችም፤ መንገደኛው ሁሉ አይቶ እስኪጠግብ ማጉረሷን ቀጠለች።